ሚዛን የመረጠቻቸው አሥራ ሁለቱ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ቢሮ መዝገብ ብቻ ነው። ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ ሁሉም የሚጠራት ሚዛን እያለ ነው፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ እትዬ ሚዛን ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ድሮ የነበረ የማጠቢያ ማሽን ሠራተኛ ነው። የታጠበ አንሶላ በጥቅል ታስሮ ሲመጣላት አትቆጥርም። በሁለት እጇ ከፍ ታደርገዋለች፣ ትንሽ ወዝወዝ ታደርገዋለች፣ ከዚያ "አርባ ሁለት፤ አንዷ የትራስ ልብስ ናት" ትላለች። ፈትተው ሲቆጥሩት አርባ ሁለት ነው፤ አንዷም የትራስ ልብስ ናት። ለሰው የተሰጠው ነገር አይታወቅም መቼም፤ አንዱ ሲዘፍን ይኖራል፣ ሌላዋ አንሶላ ስትመዝን።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላውንደሪ ነው። ላውንደሪው ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ከሬሳ ቤቱ ጎን ነው። ሦስት የማጠቢያ ማሽን አለው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው መለዋወጫ ይጠብቃል፣ መጠበቅ ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። ሃያ አራት ሰው እንፋሎት ውስጥ ይውላል። ሚዛን አንሶላና ዕቃ የምትረከብበት ስቶር በሩ አጠገብ ስለሆነ በፍርግርጉ መስኮት ገቢ ወጪውን ሁሉ ታያለች። ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን አልቅሳ እንደመጣች፣ የማን ጓንት እንደተቀደደ ታውቃለች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ሰውንም እንደ ጥቅል መመዘን ለምዳለች። አንዴ ታያችሁና ትመዝናችኋለች፤ ከመዘነች በኋላ ሐሳቧን አትቀይርም።

እዚህ ቤት የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ በዚያው ዓመት ሞተች፤ የሰባት ዓመት ታናሽ እህቷን እጇ ላይ ጥላባት። "እንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ" አሏት ለቀብር የመጡ ዘመዶች፤ ብለው በየቤታቸው ገቡ። እናት ሆነቻት። ለትዳር የጠየቋት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ለሁለቱም "ልጅቷስ?" አለቻቸው፤ ሁለቱም ተመካክረን እንመጣለን ብለው እንደወጡ ቀሩ። ሚዛን ለዚህ አላለቀሰችም፤ ካለቀሰችም ያየ የለም። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት እጇን ይዛ ላውንደሪ አስገባቻት፤ የመለያ ጠረጴዛ ላይ። ልጅቷ አገባች፣ ሦስት ወለደች። ባሏ የግንበኛ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫው ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ግን አምስት ነፍስ የሚያድረው በእሷ አንድ ኮንትራት ነው። ኮንትራቱም በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ይህን እንዳትረሱት፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

ይህች እህቷ ወሬ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ ስለዚህ ራዲዮ ተባለች። ጠዋት ስትገባ ትከፈታለች፣ ማታ ሽርጧን ስትሰቅል ትዘጋለች። ያላት ችግር ሁሉ ባፏ ስለሚወጣ ነው መሰለኝ፣ ፊቷ ላይ አንድ መስመር አልነበረም።

የመለያ ጠረጴዛ ማለት ከየክፍሉ የመጣው የቆሸሸ አንሶላ በእጅ የሚለይበት ቦታ ነው። በእጥፋቱ ውስጥ የማይገኝ የለም፤ ፋሻ፣ ማንኪያ፣ አንድ ጊዜማ የሰው ጥርስ ተገኝቷል። ከሁሉ የከፋው መርፌ ነው። ነርሷ ትቸኩልና ያገለገለውን መርፌ አልጋው ላይ ትረሳዋለች፤ አንሶላው ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ከዚያ አንዷ እጇን ስትሰድ ጭቅ! በደንቡ መሠረት የተወጋ ሰው ለአስተዳደር ኃላፊው ማመልከት፣ ቅጽ መሙላት፣ ደሙን መመርመር አለበት። ኃላፊው ግን አንድ መልስ ነበረው፤ ቀና ብሎ ሳያይ "ሥራው ከከበደሽ በሩ ሰፊ ነው" ይላል። ለስንቱ እንዲህ እንዳለ እሱም አያስታውሰውም። ኮንትራት የሚያድሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ሰዉ ጣቱን መጥጦ፣ ደሙን እንትፍ ብሎ፣ ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። መነጽር፣ ደብተር፣ የድምፅ መቅጃ፤ ደግሞም ጨዋ። የላውንደሪ ሠራተኞች ስለ መርፌ መወጋት የሚሉትን ለማጥናት ነው የመጣችው። ሆስፒታሉ ፈቅዶላታል፤ ሰዎቹን እንድትጠቁማትም ወደ ሚዛን ላኳት።

"ስንት ሰው ነው የምትፈልጊው ልጄ?" አለቻት ሚዛን።

"አሥራ ሁለት።"

"ይኸው ስማቸውን በብጣሽ ወረቀት ልጻፍና ዕጣ እናውጣ።"

"አይ፣ እትዬ፣ ዕጣ አይሆንም። የኔ ጥናት ዓላማ ተኮር ናሙና ነው የሚባለው። ብዛት አይደለም የምፈልገው። ነገሩ የደረሰበት፣ ነገሩን የሚያውቅ፣ አፍታቶ የሚነግረኝ ሰው ነው። አንድ የሚናገር ሰው ከመቶ ቅጽ ይሻለኛል።"

ሚዛን ሳቀች። "ታዲያ ይሄን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን አደከመሽ? እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት የምሠራው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?"

መምህሯም ሳቀችና መስፈርቱን አስጻፈቻት። ተወግቶ ያመለከተ። ተወግቶ የደበቀ። ጨርሶ ያልተወጋ። "ከተቻለ ደግሞ" አለች፣ "ተወግቶ ከዚያ የታመመ። እሱን ካገኘሽልኝ ወርቅ ነው። አንድም ቢሆን።" ቃለ መጠይቁ የሚደረገው እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በየተራ ነው። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። "ማን ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" ብላ ማለችላት። ልጅቷ ዋሽታ አልነበረም፤ ያልገባት ነገር ስለነበረ ነው።

ሚዛን ያን ቀን እንደ ዳኛ ነበር የዋለችው። በመስኮቷ ጠረጴዛውን፣ ማሽኖቹን፣ ካውያውን እያየች "ይሄ ይናገራል፣ ያቺ ታለቃቅሳለች እንጂ ነገር አታወጣም፣ ያኛው ይዋሻል" እያለች ትለያለች። አንደኛ የጻፈችው እህቷን ነው። ስለ መርፌ ከራዲዮ የበለጠ ማን ይናገራል? ሁለት ጊዜ ተወግታለች፣ ሁለት ጊዜ አመልክታለች፣ ሁለት ጊዜ በሩ ሰፊ መሆኑ ተነግሯታል። "ያየሽውን ሁሉ ንገሪያት፤ አንድ ነገር እንዳታስቀሪ" አለቻት። ለራዲዮ እንዲህ ብሎ መምከር ለጎርፍ መንገድ ማሳየት ነው። እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰው ሞላ፤ አንድ ቀረ።

ከራዲዮ ፊት ለፊት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመች ሴት ነበረች። ደህናዬ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለሁሉም ነገር "ደህና ነው" ስለምትል ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ በእጅ እጠቡ ሲባል ደህና ነው። ፈረቃዋን ለሰው ስጪ ስትባል ደህና ነው። አንዴ የፈላ ውኃ ክንዷ ላይ ፈሶ ቆዳዋ ተልጦ ሳለ ሰዉ ሲንጫጫ፣ እሷ ክንዷን በፎጣ ጠቅልላ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" እያለች የምታጽናናው እነሱን ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ከዚያ ሌላ ስለ ኑሮዋ የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሷም ሳትነቅዝ የኖረች ትመስል ነበር።

በማግስቱ ደህናዬ ወደ መስኮቱ መጣች። አንሶላ አልያዘችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ አንሶላ መስኮቱ ጋ ስትመጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

"እትዬ።"

"ምነው?"

"አንድ ሰው ቀርቷል አሉ።"

"ማን አለ? ራዲዮ ናት አይደል? አፏ አይዘጋ።"

"እኔም ብናገር ብዬ ነበር።"

ሚዛን ቀና ብላ አየቻት። ከደህናዬ ኋላ የካውያው ሠራተኛ፣ ራሱንም ካውያው የሚሉት፣ የትራስ ልብስ ሊረከብ ተራውን ይጠብቃል። "አንቺ? ምን ልትዪ?"

ደህናዬ አፏን ከፈተች። ዞር ብላ ካውያውን አየችው። አፏን መልሳ ዘጋች። "ለሷ ብነግራት ይሻላል። ለብቻዋ።"

"እሜቴ፣ ልጅቷ የምትፈልገው የሚናገር ሰው ነው። አንቺን መጠየቅ እኮ ግድግዳ ማዋራት ነው። የመቅጃዋን ባትሪ ለምን እናስጨርሳት?"

ካውያው ከት ብሎ ሳቀ። ሚዛን ደግሞ ሰው ከሳቀላት መጨመር ትወዳለች። "'መርፌው እንዴት ወጋሽ' ስትልሽ 'ደህና ነው' ልትያት ነው?" አለች። ካውያው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደህናዬም አብራ ፈገግ አለች፤ አመሏ ነው፤ ሰው ሲስቅባት ብቻውን እንዳይስቅ ታግዘዋለች። "እሺ፣ ደህና ነው" ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሚዛን አሥራ ሁለተኛውን ቦታ ለካውያው ሰጠችው። መርፌ በሕልሙም ወግቶት አያውቅም፤ ግን ያስቃል፣ ይናገራል። "ጨርሶ ያልተወጋ" በሚለው ስር አስገባችው።

መምህሯ በሁለት ሳምንት ጨረሰች። "የሚገርም ሰው ነው የመረጥሽልኝ፣ እትዬ። ከአሥረኛው በኋላማ አዲስ ነገር መስማት አቆምኩ፤ ሁሉም ያንኑ ነው የሚለኝ። በቂ ነው ማለት ነው" አለቻት። ከዚያ ደብተሯን ገለጠችና "ታሞ የነበረ ሰው ግን አልተገኘም፣ አይደል?" ስትል ጠየቀች።

"የለም ልጄ። ቢኖር እኔ አላውቅም?"

ስምንት ወር አለፈ። ጥናቱ ታትሞ አንድ ቅጂ ለሆስፒታሉ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለሚዛን ተላከ፤ መጨረሻው ላይ "ተሳታፊዎችን በመምረጥ ላገዙን" የሚል ምስጋና አለበት። ሚዛን እንደ ሠርግ ፎቶ ለሰዉ ሁሉ አሳየችው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰንጠረዥ አለ። ስም የለበትም፣ እውነት ነው። በተጠየቁበት ተራ የተሰጠ ቁጥር፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የሥራ ቦታ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ስንት ጊዜ እንደተወጋ። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ከበቡት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለቱም ተለይተው ወጡ። "እኔ ሰባት ነኝ!" አለች ራዲዮ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። "ሴት፣ ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ አምስት፣ የመለያ ጠረጴዛ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለች። እኔ ነኝ እኮ!"

እናንተዬ፣ በዕጣ የወጣ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ተመርጦ የወጣ ሰው ግን ያው እሱ ነው፤ የተመረጠው ሌላ እሱን የሚመስል ስለሌለ ነዋ! ሃያ አራት ሰው ባለበት ቤት ዕድሜና የሥራ ቦታ ከተነገረ ስም ምን ያደርጋል? መምህሯ ያልገባት ይሄ ነበር። ሚዛንም አልገባትም፤ ምስጋናው ዓይኗን ጋርዶት ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የተሳታፊ ሰባት ቃል እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ "መርፌ ወግቶኝ ላመለክት ብሄድ፣ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ 'ሥራው ከከበደሽ በሩ ሰፊ ነው' አለኝ። ጣቴን መጥጬ ተመለስኩ።" ማጠቃለያው ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ ማንም ልብ ያላለው። "ከመወጋቱ የተነሳ በበሽታ የተያዘ ሠራተኛ አልተገኘም።"

በሳምንቱ የአስተዳደር ኃላፊው ሚዛንን አስጠራት። ጥናቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሰባት ቃል ከላይ በመጡ ሰዎች በቀይ ተሰምሮበታል። የሱም ፊት ያው ቀይ ነው።

"ተቀመጪ። ከመዝገብ አስወጥቼ አይቻለሁ" አለ። "በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ የአገልግሎት ዘመን፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ እህትሽ ናት። አንዷ ያቺ ዝምተኛዋ። የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ሰባት የቷ ናት?"

ሚዛን የእህቷ ሦስት ልጆች በዓይኗ ላይ መጡባት፤ አልጋ ላይ ያለው ባል መጣ፤ እናቷ የሞተች ለት የያዘቻት የሰባት ዓመት ልጅ እጅ መጣ። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ጥናት ነው፣ ምስጢር ነው ማለት ትችል ነበር። ግን አላውቅም ካለች እሱ በራሱ መምረጡ ነው፤ እሱ ከመረጠ ደግሞ አፈኛዋን ትቶ ዝምተኛዋን አይወስድም።

"እርስዎ ያውቁኝ የለም ወይ?" አለች። "ዘመዴን እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አስገባለሁ? ነገ ሰው ምን ይለኛል? እህቴን አላስገባሁም።"

"ታዲያ ያቺ ትናገራለች? ሰላምታ እንኳ የማትመልሰዋ?"

"ዝምተኛ ሰው ነው የሚፈራው፣ ጌታዬ። ያጠራቅማል።"

ኃላፊው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ነገር ለእንዲህ ያለ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ያን ጊዜ ነው ሚዛን በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ በዓላማ የመረጠችው፤ በመጀመሪያው የመረጠችው የሚናገረውን ነበር፣ በሁለተኛው የማይናገረውን።

ደህናዬ ተጠራች። ሚዛን በምስክርነት እንድትቆይ ታዘዘች። ኃላፊው የተሰመረበትን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ አነበበና "ይሄን ብለሻል?" አላት።

ደህናዬ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ሚዛንን አየቻት። ሚዛን መሬት መሬት ታያለች። "አልተጠየቅኩም፣ እንዳልናገር ተከልክያለሁ" ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሚዛን ይህንኑ ትጠብቅ ነበር።

"እርስዎ ብለውኛል" አለች ደህናዬ። "በተወጋሁ ለት። እዚችው ቦታ ቆሜ።"

ውሸት አይደለም። ለሷም ብሏታል። እሱ ግን የጠየቀው ያንን አልነበረም፤ የፈለገውን መልስ ያገኘ መስሎት ወረቀቱን ዘጋው። "በቃ። ኮንትራትሽ አይታደስም። ዓርብ ዕለት ዕቃሽን አስረክበሽ ክሊራንስ ትጨርሻለሽ።"

ኮሪደሩ ላይ ሚዛን ከኋላዋ ደረሰችባት። ምን ልትላት እንደሆነ ራሷም አታውቅም። "ለምን አላልኩም አላልሽውም?" አለቻት፤ ይሄን የምትጠይቅ እሷ፣ በየትኛው አፏ!

"እሱ ሲያነበው የኔን ነበር የሚያነበው" አለች ደህናዬ። "አንዴ እንኳ ያለኝን በራሱ አፍ ጮክ ብሎ ሲያነበው እንዲሰማ እፈልግ ነበር።" ከዚያ ሥራ አለብኝ ብላ ወረደች።

ወሬው ከምሳ በፊት ላውንደሪውን ሞላው። ሰባት ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ራዲዮ ራሷ አውጃው የለ! ሃያ ሦስት ሰው ያውቃል፤ ሃያ ሦስት ሰው አንሶላውን ያጥፋል። ከራስ በላይ ነፋስ። ካውያው እንኳ፣ ያ ሳቂታው፣ መተኮሻው ላይ አቀርቅሮ እንፋሎቱን ይለቃል።

ራዲዮ ብቻ ወደ መስኮቱ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ሰባት እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ሄጄ ልናገር? እኔ ነኝ ልበል?"

"ሂጂ። ማን ያዘሽ?" አለች ሚዛን፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። "ስትመለሺ ግን ልጆችሽን ምን እንደምታበያቸው አስበሽ ተመለሺ። ባልሽንም ማን እንደሚያገላብጠው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ያቅሜን አሽቼልሻለሁ።"

ራዲዮ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ከደህናዬ ፊት ለፊት ቆመች፤ አንሶላ ሳበች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራዲዮ ስታወራ የሰማት ሰው የለም።

ዓርብ መጣ። ደህናዬ የክሊራንስ ወረቀቷን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። ዕቃ ተረካቢዋ ሚዛን ናት። ሽርጥ፣ ሁለት። ጓንት፣ አንድ ጥንድ፤ ቀኙ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ቦቲ፣ አንድ ጥንድ። የቁም ሳጥን ቁልፍ። አንድ በአንድ ምልክት አደረገች። የመጨረሻው የሠራተኛ የሕክምና ካርድ ነው፤ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ በነፃ የሚያክምበት። ሚዛን ቁጥሩን ልታመሳክር ገለጠችው።

ካርዱ በማኅተም ተሞልቷል። በየወሩ አንድ፣ ሳይዛነፍ፣ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር። "የጉበት ክትትል" ይላል እያንዳንዱ፤ ከሥሩ የተሰጣት መድኃኒት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሐኪሙ እጅ ጽሑፍ አለ፤ "በሥራ ላይ በመርፌ ተወግታ የጉበት ቫይረስ የያዛት።"

ሚዛን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"እሱን ነበር ልነግራት ያልኩት፣ እትዬ።"

"ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰው ነበር ከኋላዬ። ልጄ እንዳትሰማ ብዬ ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"የዚህ ወር በእጄ አለ።"

"ከዚያስ?"

ደህናዬ ውጭ ገዝታ እንደማትችለው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ካቆመችው ምን እንደሚሆንም ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። "ደህና ነው" አለች።

ወደ ኃላፊው ቢሮ አንድ ፎቅ መውጣት ብቻ ነበር፤ አሥራ ስምንት ደረጃ። "ሰባት እሷ አይደለችም፤ ዋሽቻለሁ" ማለት ነበር። ሚዛን ደረጃውን አሰበች፣ ከደረጃው በላይ ያለውን በር አሰበች፣ ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ አሰበች። በመስኮቱ በኩል እህቷን አየች፤ አቀርቅራ ትለያለች። ከዚያ እጇ እስክሪብቶ አነሳ። የመጨረሻውን መስመር ምልክት አድርጋ ፈረመች። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው። ደህናዬ ወረቀቷን ተቀብላ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። አመስግና፣ እላችኋለሁ!

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የስቶሩ ስልክ ጮኸ። መምህሯ ናት፤ ድምፅዋ ውስጥ ጉጉት አለ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ጥናቱን ሌሎች ምሁራን አዩትና፣ ከሌሎቹ የተለየ ታሪክ ያለው ሰው መፈለግሽን እርግጠኛ ሁኚ አሉኝ። ተወግቶ የታመመ። አንድ ሰው ብቻ። በሥራ ላይ ያለም ይሁን የለቀቀ። እሱ ከተገኘ መደምደሚያው ሁሉ ይገለበጣል፤ ሆስፒታሉም ለሁላችሁም ክትባትና ወፍራም ጓንት የመስጠት ግዴታ ይመጣበታል። እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢልኝ።"

ሚዛን መሳቢያውን አየች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ልጅቷ ደህናዬን ካገኘቻት የመጀመሪያው ጥያቄዋ "ያን ጊዜ ለምን አልመጣሽም?" ነው የሚሆነው። ሁለተኛው "ለምን ተባረርሽ?" ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሚዛን እያንዳንዱን እርምጃ ታውቀዋለች፤ ማብቂያው እህቷ ደጅ ነው።

"የለም ልጄ" አለች።

"አንድም?"

"አንድም። ቢኖር እኔ አላውቅም?"

"እንግዲያው ልክ ነበርን ማለት ነው" አለች መምህሯ። አመስግና ዘጋች።

ሚዛን ስልኩን አስቀምጣ ቀና አለች። በፍርግርጉ ማዶ፣ መለያ ጠረጴዛው ላይ፣ እህቷ እጇን ድንገት ከአንሶላው ውስጥ አወጣች። የተቀደደ ጓንቷን ጎትታ አወለቀች። ጣቷን አየችው። ግራ ቀኝ አልተመለከተችም፤ አፏ ውስጥ ከትታ መጠጠችው፣ እንትፍ አለች።

ሚዛን ከስቶሩ ወጥታ ስትሮጥ በሠላሳ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ እጇን ያዘቻት። "ወጋሽ? አሳዪኝ። ወጋሽ እንዴ?"

ራዲዮ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ጓንቱን መልሳ አጠለቀች።

"ደህና ነው" አለችና ቀጣዩን አንሶላ ሳበች።